የሰይድ ትንፋሽ

ሰኞ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሚሴ

የወንድሜን የሰይድን አልበም ልጄ ዛሬ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። እሱ ቴነር ሳክስፎን ይነፋል፣ ሦስት ጓደኞቹ በፒያኖ፣ በቤዝና በድራም ያጅቡታል። ዘፈኖቹ ሁላችን የምናውቃቸው የድሮዎቹ ናቸው፤ ግጥም ብቻ የላቸውም። ጎረቤቴ ዘሃራ ሱቄ ቁጭ ብላ ሰማችና፣ "ማሻአላህ! ያ በየሰርጉ ጆሯችንን ሲያደነቁረን የኖረው ሰይድ ነው ይሄ?" ብላ ሳቀች።

እኔም እየሳቅሁ አብሬው ማንጎራጎር ጀመርኩ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን እኔ ስንኙን ሳልጨርስ እሱ አቋረጠ። ተንፍሶ ቀጠለ። አራተኛውም ላይ እንደዚያው። ድሮ እኮ እኔ ሁለቴ ስተነፍስ እሱ አንዴ ነበር! አባባም ሊሞት ሰሞን መንዙማ ሲል መሃል ላይ እንዲህ ይቆርጥ ነበር። አባባን የወሰደው የደረት ሕመም ነው።

አላስችል ብሎኝ ደወልኩ።

"ሰይዶ፣ ትንፋሽህ ምን ሆነ?"

"አብሽሪ እታለም፣ ጃዝ እንዲህ ነው። ሆን ብዬ ነው የማቋርጠው።"

"እስቲ ወላሂ በል።"

ወላሂ አላለም። እኔም፣ "በል ለረመዳን ሳክስፎንህን ይዘህ ና፣ አጠገቤ ሆነህ ንፋልኝ" አልኩት።

"እመጣለሁ። ሳክስፎኑን ግን ለሌላ ነፊ ሰጥቼዋለሁ" አለኝ።

አልበሙ ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው። ለምን ሰጠኸው ሳልለው ስልኩን ዘጋሁት። ዘሃራ "ምን አለሽ?" ስትለኝ፣ "ለረመዳን ይመጣል" ብቻ አልኳት።