ዓሣ ወይስ ወፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ለልጄ አባት፣

መጀመሪያ ቁጭ በል። ቆመህ የምታነበው ከሆነ እባክህ የሆነ ነገር ላይ ቁጭ በል። ልጃችን በሕይወት አለች። ይኼን ስጽፍ ግራ እጄን ይዛ ተኝታለች፣ ትተነፍሳለች፣ አሁንም ዞር ብዬ አይቻታለሁ። አስቀድሜ የነገርኩህ ስለማውቅህ ነው፤ አንተ ደብዳቤ ሲደርስህ መጨረሻውን ነው የምታነበው። እንደዚያ አድርገህ ከሆነ ተመለስና ከዚህ ጀምር።

ስልክህ ላይ ስደውል ስደውል ጣቴ አለቀ። ያቺን "ሊያገኟቸው አይችሉም" የምትለዋን ሴትዮ ባገኛት አንቃት ነበር። ለካምፓችሁ የውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ዕቃ የሚያመላልሰው ሾፌር ዛሬ ማምሻውን እንደሚነሳ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነገረኝ፤ ሾፌሩም ይኼን ደብዳቤ እጅ በእጅ እሰጠዋለሁ ብሏል። ስለዚህ በችኮላ ነው የምጽፈው። ደግሞ ስፈራ ወሬ እንደማበዛ ታውቃለህ፣ ቻለኝ።

የተኛነው ሆስፒታል ነው። ልጃችን፣ "እሜቴ ለምን"፣ ታማለች። አንተ ያወጣህላትን ስም እዚህ ያሉት ሁሉ ይዘውታል፤ ጽዳቷ ሳትቀር "እሜቴ ለምን ዛሬ እንዴት አደሩ?" እያለች ነው የምትገባው።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው የሳይንስ መጽሐፏ ነው። አስተማሪዋ "ከየቤታችሁ ዘር ሰብስቡ፣ ካርቶን ላይ ለጥፉ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ስሙን ጻፉ" ብላቸዋለች። ልጅህን ታውቃታለህ፣ ወጥ ቤቴ ተዘረፈ። ምስሩ፣ በቆሎው፣ ሩዙ፣ አንድ የሎሚ ፍሬ እንኳ ሳይቀራት። ከጓሮ አጥር ሥር ደግሞ ያንን ዝንጉርጉር የጉሎ ፍሬ ለቅማ መጣች። ምን ላድርግ፣ ያምራል፤ አንተም ልጅ ሆነህ ብታየው ኪስህ ትከተው ነበር። ከመጽሐፉ ሥዕሉን ፈልጋ አገኘችውና እየዘለለች ወደ እኔ መጣች። "እማ! ስሙ ካስተር ቢን ነው! ቢን ማለት'ኮ ባቄላ ነው!"

"ጉሎ ነው እንጂ የምን ባቄላ" አልኳት፣ እግሬን ከስፌት መኪናው ሳላነሳ።

"መጽሐፉ ነው ያለው!"

መኪናው ይጮኻል፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ማስረከቢያው ደርሶብኛል፣ መልስ የሰጠኋት መስሎኝ ቀጠልኩ። እሷ ጓሮ ሄዳ ባቄላ ነው ብላ ፈልፍላ አኘከችው። በኋላ ለምን እንዲህ አደረግሽ ስላት፣ "ሳይንቲስት ካልቀመሰ በምን ያውቃል?" አለችኝ። እሷንስ ልጅ ናት እላለሁ። እንግሊዞቹን ምን ልበላቸው? መርዙን ባቄላ ብሎ መጥራት ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?

በማግሥቱ ጠዋት ማስታወክ ጀመረች። ሆድ ቁርጠት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ሆዷም ተለቀቀ፣ ዓይኗ ጎደጎደ፣ ከንፈሯ ደረቀ። ጭራሽ "ለምን" ማለቷን ስትተው ነው የደነገጥኩት። ጮኼ ስወጣ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ጢሙን ግማሽ ላጭቶት ነበር፣ እንዲሁ ጥሎት መጣና በክንዱ ታቅፏት ሮጠ። እኔም ከኋላ። የልብስ መለኪያ ሜትሬን ከአንገቴ እንዳላወረድኩ ያወቅሁት እዚህ ከገባን በኋላ ነው፤ አሁንም አንገቴ ላይ አለ።

ዶክተሩ ቋንቋችንን አይችልም፤ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ከሲስተሯ ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፣ እሷ ለእኔ ትነግረኛለች። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ውጣዋለች ወይስ አኝካዋለች?" ብሎ ነው። "አኝካ" አልኩ። ፊቱ ልውጥ ሲል አየሁት። ቢዋጥ ኖሮ ልጣጩ ጠንካራ ስለሆነ እንዳለ ይወጣ ነበር፣ ሲታኘክ ነው መርዙ የሚለቀቀው አለችኝ ሲስተሯ። ማርከሻ የለውም። የወጣውን ውኃ በጉሉኮስ መተካት፣ ኩላሊቷ እንዳይደክም መጠበቅ፣ ሌላው ልጅቷ ራሷ የምትታገለው ነው። ሽንቷን በጠርሙስ ይለካሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ጠብ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ሰው በዚህ ደስ ይለዋል ብለህ አስበህ ታውቃለህ?

አሁን ደግሞ ያስፈራኝን ነገር ልንገርህ። ትስቅብኝ ይሆናል፣ ግን እስከ መጨረሻው ስማኝ።

እንግሊዝኛ እያስተማረችኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እኔ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል፣ እሷ ከጎኔ መጽሐፏን ትዘረጋለች። ሊፍ ቅጠል፣ ሩት ሥር፣ ሲድ ዘር። እነሱን ቶሎ ያዝኳቸው። አንዱ ቃል ግን አልገባ አለኝ። "እማ፣ አጭሩ 'ልቭ' መኖር ነው። ረጅሙ 'ሊ—ቭ' ትቶ መሄድ ነው። ዓሣ ውኃ ውስጥ ልቭ ታደርጋለች። ወፍ ብርድ ሲመጣ ሊ—ቭ ታደርጋለች" ትለኛለች፣ እጇን አንዴ እያዋኘች አንዴ እያርገበገበች። በእኔ ጆሮ ሁለቱም ያው ናቸው። እኔ ስለው ዓሣዋ በርራ ትሄዳለች፣ ወፏ ውኃ ውስጥ ትቀመጣለች፤ እሷ ሆዷን ይዛ ትንከባለላለች። "ቅጠል ሲበዛ ደግሞ ሊቭስ ነው" ስትለኝማ መርፌዬን አስቀምጬ ለዛሬ ይበቃናል አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ዶክተሩና ሲስተሯ አልጋዋ ጋ መጡ። ሆዷን ጫን ጫን አደረጋት፣ የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲስተሯን አንድ ነገር ጠየቃት። እሷም ራሷን ነቀነቀችና እንዲህ አለችው፦ "ሺ ዎንት ሊቭ።"

ሺ እሷ ነው። ዎንት አይሆንም ነው። ይኼን ያህል አስተምራኛለች። ሊቭ ግን የቱ ነው? ዓሣዋ ናት ወይስ ወፏ? ወፏ ከሆነች ከዚህ አትሄድም ማለት ነው፤ አትሂድ፣ ትቆይ፣ ዓመትም ትቆይ፣ እኔ እዚሁ ወንበር ላይ አረጃለሁ። ዓሣዋ ከሆነች ግን… እሱን አልጽፈውም።

ፈራሁ። እንደ ዛሬ ፈርቼ አላውቅም፤ ስወልዳት እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። እነሱ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ፣ እኔ የአልጋውን ብረት ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ደረጃው ወጣሁ። ሊቭ፣ ልቭ፣ ሊ—ቭ እያልኩ ለብቻዬ ሳወራ ሰው ሁሉ ያልፈኛል። ሲስተሯ እንዴት እንዳለችው ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ደጋግሜ ባልኩት ቁጥር የእሷ ድምፅ እየጠፋ የእኔ ብቻ ቀረ። መድኃኒት ክፍሉ ድረስ ተከትያት ሄድኩ፣ በሩን ልገፋ ስል ተመለስኩ። ጠይቄያት ዓሣዋ ናት ብትለኝስ? ካልጠየቅሁ ወፏም ገና አለች። እንዲህ ያለ ሞኝነት ውስጥ ገብቼ ነበር፣ አንተ አጠገቤ ብትሆን "ሂጂ ጠይቂ" ብለህ በቁጣ ትገፋኝ ነበር። አጠገቤ ግን አይደለህም።

ስመለስ ነቅታለች። ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ ጠረግሁላት። ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝና፣ አባቷ፣ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣ ጠየቅኳት።

"እናቴ፣ አንድ ሰው 'ሺ ዎንት ሊቭ' ቢል ምን ማለቱ ነው?"

"ረጅሙን ነው ያለው አጭሩን?" አለች፣ ድምፅ የላትም።

"አላወቅሁትም።"

"ማንን ነው ያለው?"

"አንዲትን ወፍ" አልኳት።

"ወፍ ከሆነችማ ሊ—ቭ ነዋ። አትሄድም ማለት ነው።" ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ስነሳ፣ "እማ፣ ግን ካላወቅሽ ጠይቂያ። አንቺ'ኮ ትልቅ ነሽ" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ካርቶኔ ላይ ደግሞ ቢን የሚለውን ሰርዢው። አይበላም ብለሽ ጻፊበት፣ ሌሎቹ ልጆች እንዳያኝኩት" አለች። ይኼኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ዶክተሩ ከሰዓት ላይ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሮጬ ነጭ ጋወኑን ያዝኩት። "ዶክተር! ሺ ዎንት ሊቭ!" አልኩ ወደ ልጃችን እየጠቆምኩ። ቀጥሎ የሚባለውን እንግሊዝኛ ከየት ላምጣው? "ፊሽ?" አልኩና እጄን አዋኘሁ። "ኦር በርድ?" አልኩና ሁለቱንም እጆቼን አርገበገብኩ። ሜትሩ አንገቴ ላይ ይወዛወዛል። ሰውየው እኔም ጉሎ የቀመስኩ መስሎት ይሆናል፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሲስተሯን ጠራት።

የጠዋቱን ነገር ከሥሩ ጀምሬ ስነግራት ሲስተሯ አፏን በእጇ ያዘች። "ወይኔ እናትዬ! እሱ'ኮ ስለ አንቺ ነው! ይቺ ሴት ለምን ቤቷ ሄዳ ትንሽ አትተኛም ሲለኝ፣ ብለምናትም አትሄድም አልኩት። ሊ—ቭ። መሄድ።"

"ወፏ ናታ?" አልኳት።

"የምን ወፍ?"

ሳቅሁ። ኮሪደሩ መሐል ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ሳላውቀው ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ዶክተሩ ራሱ ውኃ አመጣልኝ። እሱ የተባለው ስለ እኔ ነው! ቀኑን ሙሉ ነፍሴን ያወጣኝ ስለ እኔ የተባለ ነገር ነው። ውኃውን ጠጥቼ ተነሳሁና፣ ልክ እንደ ልጅህ፣ አንድ ጥያቄ ተረፈኝ።

"እሷስ?" አልኩ። "ስለ እሷስ ምን አለ?"

ሲስተሯ ወደ ዶክተሩ አየች። እሱ ወደ ጫማው አየ። "ነገ የደም ውጤቷን እንየው" አለችኝ።

"ደህና ትሆናለች በይኛ።"

"ነገ እንየው እናትዬ" አለችና ወደ አልጋው መጥታ ጉሉኮሱን አስተካከለች፤ የተስተካከለውን።

ስለዚህ እውነቱ ይኼ ነው። ስለ ልጃችን ገና ማንም ምንም አላለም፣ ዓሣም ወፍም። እጇ ትንሽ የሞቀ ይመስለኛል። ከጠዋቱ ይልቅ ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ አለ፤ ወይም የምፈልገውን ነው የማየው። አላውቅም። እፈራለሁ፣ እፈራለሁ፣ ሌላ ምን ልበልህ።

ና። ጉድጓዱ ይቆይ፣ ውኃው የትም አይሄድም። ለአለቃህ ልጄ ታማለች በለው፣ እምቢ ካለህ ምንም ሳትለው ውጣ። ሾፌሩ ዕቃውን አራግፎ ወዲያው እንደሚመለስ ሰምቻለሁ፣ ከጎኑ ቁጭ በልና ና። ልብስ ምናምን አትሰብስብ። ከመግባትህ በፊት ፊትህን ታጠብ፣ እሷ ፊት እንዳታለቅስ። "አባዬ፣ እዚያ መሬት ውስጥ ውኃው ለምን ይተኛል?" ብላ የምትጠይቅህን አዘጋጅታ ነበር፣ መልሱን መንገድ ላይ አስብበት። አጥሩ ሥር የነበረውን ጉሎ ፀጉር አስተካካዩ ከነሥሩ ነቅሎታል።

ሾፌሩ ከታች ጥሩምባ እየነፋ ነው። መንገድህን ፈጣሪ ያቅናልህ፣ የተበላሸ መኪና አይግጠምህ፣ በደህና አምጥቶ ከአልጋዋ አጠገብ ያቁምህ። እኔን አታስብ፤ ሲስተሯ እንዳለችው ነኝ። የማትሄደው ወፍ እኔ ነኝ። እሷን ደግሞ ዓሣ ያድርግልን፣ ያለ ዎንት።

የልጅህ እናት