ድስቱ ሆድ ውስጥ የደበቅኳት አደይ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

እናቴ አደይ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ «የሸክላ ማቃጠያውን ጉድጓድ አንቺ ደርድሪው» አለችኝ። ካበላሸሁት ዳግመኛ አታስነካኝም፤ ትልቁ ድስት የሰው ሠርግ ትእዛዝ ነው። እኔስ ማን ሆኜ ላበላሸው! ከታች ኩበት አነጠፍኩ፣ ድስቱን መሀል ደፋሁት፣ ጀበናዎቹን ዙሪያውን አስጠጋሁ፣ ክፍተቱን በገለባ ጠቀጠቅሁ።

ድስቱን ስደፋው ግን ትናንት ከጭቃ የሠራኋትን አደይን የምትመስል አሻንጉሊት ሆዱ ውስጥ ደበቅኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የምትቆጣ፣ አፍንጫዋ ቁሓ አየር ማረፊያ የሚያርፈውን አውሮፕላን የሚያህል። ነገ ከአመዱ ውስጥ ስታገኛት ፊቷን ላየው ነበር!

አደይ ክብሪት ከመስጠቷ በፊት ድስቱን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። ድምፁ አልጣማትም። ገልብጣ አሻንጉሊቷን አወጣች፣ ድስቱን እንደነበረ መልሳ ደፋችውና አሻንጉሊቷን ጉንጯ ላይ ለጠፈቻት።

«ትቀዘቅዛለች፤ አልደረቀችም። ፈንድታ ድስቱን ትሰነጥቀው ነበር፣ ኣንቲ ዓይነ ደረቅ!»

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን አውራ ጣቷን ምራቅ አስነክታ አፍንጫውን አሳጠረችና የድንጋይ አጥሩ ላይ ፀሐይ እንዲመታት አስቀመጠቻት።

«ለሚቀጥለው ቃጠሎ ትድረቅ» ብላ ክብሪቱን ሰጠችኝ።

ከድስቱ በቀር ድርደራዬን አልነካችውም፤ አንዲት ኩበት እንኳን! አፍንጫውን ግን ነገ ሳይደርቅ መልሼ አስረዝመዋለሁ።