ድምፁ ሲቋረጥ እህቴ የምታየው

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ ድርጅትዎ ድምፅ መሀል ላይ ድንገት እንዳይቋረጥ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መኪና መንዳት የማስተምር ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጬ አንድ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ ስለምውል ትዕግሥቴ የተፈተነ ነው። ያ ሁሉ ትዕግሥት ቢያልቅብኝ ነው እንግዲህ ብዕር ያነሳሁት።

ከመጪው ወር ጀምሮ ሥርጭታችሁ እንደሚቆለፍ፣ እናንተ ከምታቀርቡት ሪሲቨር በቀር በሌላ መሣሪያ እንደማይታይ፣ ሪሲቨሩም ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስና መቅዳት እንደማይችል የሚገልጸውን ማስታወቂያ በአክብሮት ተመልክቻለሁ። በኮምፒውተር የምንቀዳውን ሰዎች «የሥርጭት ሌቦች» ብላችሁ ስለሰየማችሁንም አመሰግናለሁ። ለሁሉም ብላችሁ በአየር የለቀቃችሁትን ነገር ጣራዬ ላይ በተከልኩት አንቴና መቀበሌ ሌብነት መሆኑን እስከዛሬ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ልፋት እንዳይበዛብዎ የተሰረቀው ንብረት ያለበትን ቦታ ራሴ ልጠቁም። ሳሎናችን ውስጥ፣ ከእህቴ የስፌት መኪና አጠገብ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የአንቴናው ገመድ በመስኮቱ ጥግ ገብቶ ከጀርባው ይሰካል፤ ውስጡ ሥርጭት የሚቀበል ካርድ አለው፤ ከትልቁ ስክሪንም ጋር ተያይዟል። እኛ እያየን ይቀዳል፤ እኛ ሳንኖርም ይቀዳል። ታናሽ እህቴ በልጅነቷ ታማ ጆሮዋ ጨርሶ ስለተዘጋ፣ ቴሌቪዥን የምትከታተለው የተናጋሪውን ከንፈር በማንበብ ነው። ከንፈር ደግሞ ይሮጣል፤ ጢም ይሸፍነዋል፤ ባለቤቱም ሳይታሰብ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ታቆመዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ቀስ አድርጋ ደግማ ታየዋለች። ኮምፒውተሩ ቤታችን ከመግባቱ በፊት ሁላችንም ስንስቅ እሷ ግን ያሳቀንን ነገር የሚነግራት እስኪገኝ የሰው ፊት እያየች ትጠብቅ ነበር። ዛሬ ከእኛ እኩል ትስቃለች፤ እናንተ ልትቆልፉ የተነሳችሁት ይህንን ነው።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤቶች ቁጥር ይወዳሉ ሲባል ስለሰማሁ ነው።

፩ኛ፦ እህቴ በስክሪኑ ግርጌ ንግግሩ በጽሑፍ ይቅረብልን ብላ አመልክታ ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባዎ ጉዳዩን ችላ አላሉትም፤ መልሱን በስልክ ሊሰጧት ደወሉ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ስለነበርኩ፣ አመልካቿ ራሳቸው ስልኩ ላይ ቀርበው ካላነጋገሯቸው ለሌላ ሰው መልስ መስጠት መመሪያ እንደማይፈቅድ በትሕትና ገለጹልኝ። እህቴ እንደማትሰማ ባስረዳቸው፣ እንግዲያው ሌላ ጊዜ እንደውላለን አሉኝ። ለዚህ መመሪያ አክባሪነታቸው ዕድገት እንደሚሰጣቸው አልጠራጠርም።

፪ኛ፦ የሕዝብ ስብሰባ በቀጥታ ስታስተላልፉ ስለሚያጋጥማችሁ የቴክኒክ ችግር ልባዊ ሐዘኔን እገልጻለሁ። ችግሩ ሰው ያውቃል፤ ባለሥልጣን ሲናገር ድራሹ ይጠፋል፣ ተራ ሰው ጥያቄ ሊጠይቅ ሲነሳ ከተፍ ይላል። ባለፈው አንዲት አትክልት ሻጭ ማይክ እንደያዘች ድምፁ ጠፋ፤ ምስሉን ማጥፋት ግን ረሳችሁ። እህቴ ወደ ኋላ እየመለሰች ደጋግማ አየችውና ሴትዮዋ ያለችውን ለግቢው ሰው ሁሉ አወራችው። ሴትዮዋ የጠየቀችው ተመረቀ የተባለው መንገድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ነበር፤ ቤቷ እዚያው ሰፈር ስለሆነ ብታየው ደስ እንደሚላት ተናግራለች። ግቢያችን ውስጥ ሳቁ ገና ሳይበርድ የመቆለፉ ማስታወቂያ ወጣ። እኔ ሁለቱን ነገሮች አላገናኝም፤ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት ግን ሳልጠራው መጥቶብኛል።

፫ኛ፦ አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ ስለ ከንቱ ተስፋ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ለካ ስለ እናንተ ሥርጭት ኖሯል።

አራተኛም አምስተኛም ነበረኝ፤ ግን ንዴቴ በቁጥር አልገዛ ስላለኝ ትቼዋለሁ። በምትኩ ውሳኔዬን በአክብሮት አሳውቃለሁ። አንቴናውን አላወርድም። የቀዳሁትን አልሰርዝም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የተናገራችሁት ሁሉ ከእኛ ዘንድ በደህና ይቀመጣል። ሥርጭቱ በተቆለፈ ማግስት እኔና እህቴ፣ አብረውን ለመምጣት ቃል ከገቡ ጎረቤቶቻችን ጋር፣ በእናንተ እንግዳ መቀበያ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ፊት ወንበር ይዘን እንቀመጣለን። እህቴም «ምን አለ?» ባለች ቁጥር በአቅራቢያዋ ያለ ሠራተኛ፣ እርስዎም ቢሆኑ በዚያ ሲያልፉ፣ ቆም ብሎ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ይነግራታል። በማግስቱም እንመጣለን። ሌላው ሲስቅ እሷ የሰው ፊት እያየች ወደምትጠብቅበት ዘመን አልመልሳትም፤ ይህን እያጋነንኩ አይደለም።

ሥልጣንዎን ያጽናልዎ፣ ማይክዎንም ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

ታማኝ የሥርጭትዎ ሌባ፣
የልብስ ሰፊዋ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ስለ መቆለፉ ጥቅም ሊያስረዱን በቀረቡበት ውይይት ላይ፣ ማይክዎ ሳይከፈት ካሜራው ቀድሞ እርስዎ ላይ አርፎ ነበር። ወደ አወያዩ ጠጋ ብለው «ቶሎ ጨርሰው፣ ይሄን ደግሞ ማን ያየዋል» ብለዋል። እህቴ ስምዎን በከንቱ እንዳታጠፋ ሰግታ፣ እያቆመችና እየመለሰች አረጋግጣዋለች። መልሱን እንዳደርስላትም አደራ ብላኛለች፦ «እኔ» ብላለች።