ከሶዶ እስከ መቀሌ በስቴሽን ዋገን፦ የወይዘሮ ጣፈጠች ጩማ የሕይወት ታሪክ (1944–2009 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ጣፈጠች ጩማ ከአባታቸው ከአቶ ጩማ ኦይቻ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስናቀች ብሩ ግንቦት 12 ቀን 1944 ዓ.ም. በወላይታ፣ በበዴሳ አቅራቢያ ተወለዱ። እናታቸው ከገበያ ሲመለሱ ምጥ መንገድ ላይ ስለያዛቸው፣ ቤት ሳይደርሱ በሰው አጥር ጥግ ነው የተገላገሉት። ጎረቤት ሁሉ «ይቺ ልጅ ቤት መግባት አልፈለገችም» እያለ ይስቅ ነበር ይባላል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስድስተኛ ክፍል በበዴሳ፣ ከዚያ እስከ አሥረኛ ክፍል በሶዶ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ተማሩ። ከስምንተኛ ክፍል የተረፈው የውጤት ካርዳቸው ዛሬም ቤተሰቡ ዘንድ አለ። ከቁጥሮቹ በታች አስተማሪያቸው «ጎበዝ ናት፤ ግን አትቀመጥም» ብለው ጽፈውበታል። በ1963 ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ሥራው ቀኑን ሙሉ መቀመጥን የሚጠይቅ ስለነበር፣ አንድ ገጽ በጨረሱ ቁጥር ተነሥተው ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረው እንደሚመለሱ የሥራ ባልደረቦቻቸው ያስታውሳሉ።

በ1966 ዓ.ም. ከጉራጌ መጥተው ሶዶ ከከተሙ ወላጆች ከተወለዱት ከጨርቅ ነጋዴው ከአቶ ሐብተማርያም ጉልላት ጋር ተጋቡ፤ ልጃቸውን ሩትን በ1968፣ ተድላን በ1971 ዓ.ም. ወለዱ። በተጋቡበት ዓመት አቶ ሐብተማርያም አንድ መኪና ገዝተው ነበር። በግብርና ፕሮጀክት ይሠሩ የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሸጡላቸው፣ ስምንት ሲሊንደር ያላት፣ ማርሿ በራሱ የሚለወጥ፣ ጎንና ጎኗ እንጨት በሚመስል ነገር የተለበጠ፣ ክሬም ቀለም ያላት፣ ኋላዋ ረጅም ስቴሽን ዋገን ነበረች። የሶዶ ሰው «ረጅሟ» አላት። ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ተለወጠ፤ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ረጅሟም ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። አቶ ሐብተማርያም በየቅዳሜው ሞተሯን ያስነሡና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ድምፅዋን ያዳምጡ ነበር። እውነቱን ለመናገር ወይዘሮ ጣፈጠች በዚያን ጊዜ ለመኪናዋ ምንም ፍቅር አልነበራቸውም። ልብስ ማስጫ አሳጣችኝ እያሉ ያማርሩ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ መንገዱም ተከፈተ። አቶ ሐብተማርያም ሸራውን ገፈው፣ አዲስ ጎማ አስገብተው፣ ቤተሰቡን ይዘው ለመውጣት ሲዘጋጁ፣ ኅዳር 1984 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም ዐረፉ። ወይዘሮ ጣፈጠች በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ሴትና አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ይዘው ብቻቸውን ቀሩ። ለቅሶው ሲበተን የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም አቶ ደገፉ መኪናዋ እንድትሸጥ ሐሳብ አቀረቡ።

«እትዬ፣ ቆማ ከምትበሰብስ ትሸጥ። የሚነዳት የለ።»

«እኔ አለሁ» አሉ ወይዘሮ ጣፈጠች።

አቶ ደገፉ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። በማግስቱ ወይዘሮ ጣፈጠች ወደ መካኒኩ ወደ አቶ ኤርካሎ ሄዱ። አቶ ኤርካሎ በሶዶ የአሜሪካ መኪና አንጀት የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ገበያ በማይውልበት ቀን በገበያው ሜዳ ላይ ለአራት ሳምንት አስተማሯቸው። ችግሩ የመጣው ፈተና ላይ ነው። መፈተኛዋ መኪና በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን ያላት ፒክአፕ ስለነበረች ሁለት ጊዜ ወደቁ። ሦስተኛው ላይ አለፉ። መንጃ ፈቃዳቸውን ይዘው ሲመለሱ አቶ ኤርካሎ፣ «በሉ እንግዲህ እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፍሪሲዮን ይርሱት፤ ግራ እግር ሥራ የለውም» አሏቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ወይዘሮ ጣፈጠች ቤት የሚገኙት በአጋጣሚ ነበር። ከሥራ እንደወጡ ወደ በዴሳ፣ ቅዳሜ ወደ ቢጠና፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በሽተኛ ለመጠየቅ ወደ ዱቦ ሆስፒታል ይሄዳሉ። የሚሄዱበት ጉዳይ ሲጠፋ ጉዳይ ይፈልጋሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቀመጡት በበሩ አጠገብ ነበር፤ ቁልፉ ሁልጊዜ በእጃቸው ነው። የከተማው ልጆች «አዬ» ይሏቸው ነበር፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። ረጅሟ ስታልፍ «አዬ መጣች!» እያሉ ይሮጡ ነበር።

ስለ መኪናም ጠንካራ አስተያየት ነበራቸው። በቤታቸው ለሻይ የተቀመጠ እንግዳ ሁሉ ሳይወድ ይሰማው ነበር። መኪና ማለት ሰው በቁመቱ ተዘርግቶ የሚተኛበት ነው ይሉ ነበር፤ ከዚያ ያነሰው ወንበር ነው። ላንድክሩዘር ጭቃ ላይ ጎበዝ መሆኗን ያምናሉ፤ ግን «ተሳፋሪውን እንደ ጤፍ ታንገዋልላለች» ይላሉ። ከበዴሳ ወደ ሶዶ የሚወጣውን ዳገት ስምንት ሲሊንደር እንዴት እንደሚወጣው ሲያስረዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያጉረመርሙ ነበር፤ ሞተሯን መምሰላቸው ነው። ቤንዚን ትጠጣለች ሲባሉ «የሚሠራ ይጠጣል» ብለው ይዘጉታል።

በዚህ ጽሑፍ መልካሙን ብቻ ማስፈር ይቻል ነበር። ወይዘሮ ጣፈጠች ግን ራሳቸው የማይደብቁትን ነገር መደበቅ ተገቢ አይሆንም። ልጃቸው ተድላ በ1990 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ አላስገባውም። መንዳት ተምሮ ስለነበር ረጅሟን ከሶዶ በዴሳ የሕዝብ ማመላለሻ ላድርጋት ብሎ ጠየቀ። እናቱ እምቢ አሉ። መልሶ ጠየቀ፤ እምቢ አሉ። ምክንያታቸው የመኪናዋ ክብር ነው ይሉ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ለሩት፣ «ቁልፉን ከሰጠሁት እኔ ቤት ልቀመጥ ነው፤ ያንን ፈርቼ ነው» ብለው ነግረዋታል። በወቅቱ ይህንን አልተናገሩም። ተድላም፣ «አንቺ የምትወጂው መኪናዋን ነው» ብሎ ወጣ። ጥር 1991 ዓ.ም. ለውትድርና ተመዝግቦ ጦርነት ወዳለበት ወደ ሰሜን ዘመተ።

ደብዳቤ የሚጽፈው ለእህቱ ብቻ ነበር። ከግንቦት 1992 ዓ.ም. ጀምሮ ያም ቆመ። ጦርነቱ ሲቆም የአንዳንዱ ልጅ ተመለሰ፤ የአንዳንዱ መርዶ መጣ። የተድላ ግን ምንም አልተሰማም። ወይዘሮ ጣፈጠች የጠየቁት ሁሉ ጠብቁ አላቸው። በዚያ ክረምት ምግብ ቆመው ነበር የሚበሉት። ጥቅምት 1993 ዓ.ም. ላይ ሩትን፣ «መጠበቅ እኔ የማውቀው ሥራ አይደለም። ትምህርት ቤትሽን አስፈቅጂ» አሏት። ሩት ያኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። አቶ ኤርካሎ ሁለት ተጨማሪ ጎማ፣ ቺንጋ የሚባለውን የሞተር ቀበቶ፣ የራዲያተር ጎማና ሦስት ጀሪካን ውኃ ጫኑላቸው። አቶ ደገፉ ደግሞ ከወንድማቸው ሞት ጀምሮ ሲቃወሟት በነበሩት መኪና ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ።

ጉዞው አምስት ቀን ፈጀ። ከአላማጣ በላይ ባለው ዳገት ራዲያተሩ ፈላና አንድ ሰዓት ተኩል ቆሙ። ወይዘሮ ጣፈጠች በመኪናዋ ዙሪያ ሲመላለሱ የጫማቸው ዱካ አሸዋው ላይ ክብ ሠርቶ ነበር። መቀሌ ስድስት ቀን ፈለጉ። በሰባተኛው ቀን አንድ ወታደራዊ ሆስፒታል ውስጥ ተድላን አገኙት። ፈንጂ የግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ወስዶታል። ቁስሉ አመርቅዞ ሁለተኛ ጊዜ ተቆርጦ ነበር።

እናቱን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ለምን መጣችሁ?» አለ።

«ልወስድህ።»

«ምን ልሆንልሽ?»

ወይዘሮ ጣፈጠች ማንም ሲያደርጉ አይቷቸው የማያውቀውን አደረጉ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና እስከ ምሽት አልተነሡም። ማሰናበቻው እስኪያልቅ ሃያ ሁለት ቀን በየዕለቱ እንዲሁ ተቀመጡ። ልጁም ከአሥር ቀን በኋላ ፊቱን ወደ እነርሱ መለሰ።

ሲመለሱ የኋላውን ወንበር አጥፈው ፍራሽ ዘረጉለት። ተድላ እስከ ኮምቦልቻ በቁመቱ ተዘርግቶ ተኝቶ ሄደ። ከኮምቦልቻ በኋላ ከፊት ተቀመጠ። ዝዋይን አልፈው መንገዱ ቀጥ ባለበት ቦታ ወይዘሮ ጣፈጠች መኪናዋን ዳር አስይዘው አቆሙ። ወርደው በእርሱ በኩል ያለውን በር ከፈቱ።

«ውረድ። ወደ መሪው ዙር።»

«በየትኛው እግሬ ነው እማዬ?»

«በቀኙ። ይቺ መኪና ሌላ እግር አትጠይቅም።»

ተድላ ክራንቹን ተደግፎ ቆሞ መኪናዋን አየ። በሶዶ፣ ምናልባትም በወላይታ ዞን ሁሉ፣ እርሱ ሊነዳት የሚችላት መኪና ይህችው አንዷ ነበረች። ዞሮ ገባ። መጀመሪያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፍጥነት እየጨመረ ሻሸመኔ መግቢያ ድረስ ነዳ። ዕንባው እየወረደ ይስቅ ነበር። ወይዘሮ ጣፈጠች ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሩት ከፊት ሆና ዞር ስትል እናቷ እጆቻቸውን የት እንደሚያኖሩ አጥተው አንዴ ጉልበታቸው ላይ፣ አንዴ ብብታቸው ሥር ሲያደርጉ አየች። ከሻሸመኔ በኋላም እርሱው ነዳ፤ ሶዶ ሲደርሱ እናቱ ቁልፉን መልሰው አልጠየቁም።

አንድ እግር ላለው ሰው መንጃ ፈቃድ ማውጣት ግን ቀላል አልነበረም። «እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጥሞን አያውቅም» እየተባሉ ወይዘሮ ጣፈጠች ሁለት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ። አንድ ኃላፊ «ነገ ይምጡ» ቢሏቸው በማግስቱ በሩ ሳይከፈት ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። በመጨረሻ ኃላፊው ራሳቸው ረጅሟ ውስጥ ገብተው፣ ተድላ በከተማው ሲያዞራቸው አይተው ፈረሙ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ተድላ በሶዶና በበዴሳ መካከል ሰው ሲያመላልስ ዘጠኝ ዓመት ሠራ። በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ከወይዘሮ ቤዛዊት ጋር ተዋውቀው ተጋቡ።

ወይዘሮ ጣፈጠች ከዚያ በኋላ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ከሶዶ ዳር እስከ ዳር በእግር ይሄዱና በሽተኛ ጠይቀው ለምሳ ይመለሳሉ። ጉልበታቸው ሲደክም ሞተር ሳይክል ላይ ከሹፌሩ ጀርባ መፈናጠጥ ጀመሩ። ልጆቻቸው ቢቆጡም አልሰሙም።

የረጅሟ መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ አቶ ኤርካሎ በእጃቸው እየቀጠቀጡ ጥቂት ዓመት አቆዩዋት። በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ይግባላት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ወይዘሮ ጣፈጠች፣ «ያቺ ከዚያ በኋላ እሷ አይደለችም» ብለው ተቃወሙ። ተድላ ግን የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ነበረው፤ ሳይነግራቸው አሮጌ መኪና ለሚሰበስቡ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ሸጣት። በምትኳ ማርሿ በራሱ የሚለወጥ አነስተኛ መኪና ገዛ። ወይዘሮ ጣፈጠች አሥራ አንድ ቀን አላነጋገሩትም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቤቱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙና፣ «ሰውየው መንዳት ይችላል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ይችላል ሲላቸው ገቡ፤ ምሳም በሉ። አዲሲቱን መኪና ግን እስከ መጨረሻው ጉልበት የምታቆስል ወንበር እያሉ ሲያሟት ኖረዋል።

በ2008 ዓ.ም. ልባቸው መድከም ጀመረ። ሐኪሞች ዕረፍት አዘዙ፤ ትእዛዙን ያከበሩበትን ቀን ቤተሰቡ አያስታውስም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ሕመሙ ጠንቶ አልጋ ላይ ዋሉ። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ «በሰላም ዐረፉ» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ እናታችን ያንቀላፉት እየታገሉ ነው። ሚያዝያ 19 ቀን ጠዋት ጫማ ጠየቁ። ሩት ሐኪሙ አይፈቅድም ብላ አባበለቻቸው። ተድላ ግን ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠና፣ ያበጠውን እግራቸውን ይዞ ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመረ።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«አጥብቀህ እሰረው» አሉት።

ሁለቱንም አሰረላቸው። ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በስልሳ አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወራቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ወይዘሮ ጣፈጠች ጩማ የሁለት ልጆች እናትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከበዴሳ፣ ከቢጠናና ከዱቦ ለመጣችሁ ወዳጆች፣ እንዲሁም አቅማቸው ደክሞ ሳለ ሌሊቱን አብረውን ላደሩት ለአቶ ኤርካሎና ለአቶ ደገፉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

የሕይወት ጌታ ልጁን ጣፈጠችን በደጁ ቆሞ ይቀበላት፤ የደከመ እግሯን እርሱ ራሱ ይጠብ። እኛንም ያጽናን። አሜን።

ልጃቸው ሩት ሐብተማርያም
ሚያዝያ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ወላይታ ሶዶ