መድረክ የሆነው ድልድያችን

ለመልካ ጨፌ ማዘጋጃ ቤት ክቡር ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ክረምቱ ብርቱ ነውና እግርዎን ውሃ እንዳይነካው፣ ጉንፋንም ደጅዎን እንዳይረግጥ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከዓለም ገና ከተማ ወረድ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ የምኖረው የፋብሪካ ሠራተኛ ይገዙ ነኝ። ያለብኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በግንቦት የእግረኛ ድልድያችንን ስላስመረቁልን እናመሰግናለን። የክብር እንግዶቹ ጫማ አቧራ እንዳይነካው ብለው የድልድዩን ጣውላ አስነቅለው በግቢዎ መድረክ አሠሩበት። ስለ ድልድዩ ጥንካሬ አርባ ደቂቃ ሲናገሩ የቆሙት በራሱ በድልድዩ ላይ ስለነበር፣ ንግግርዎን ለመጠራጠር አልተቻለም።

፪. ጣውላው ይመለስልን ብዬ ስድስት ጊዜ ደጅ ስጠና፣ ጸሐፊዎ ማሪቱ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ነግራኛለች። አልዋሸችም፤ በአጥሩ በኩል አይቼዎታለሁ፣ ጣውላችን ላይ ቆመው ነበር።

፫. ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ባለቤቴን ተስፋነሽን ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ብንጠራ፣ ዙሪያውን የሚመጣው መንገድ ጭቃ ስለሆነ አያልፍም ተባልን። ከጎረቤቶቼ ጋር በቃሬዛ ተሸክመን ወንዙ ዳር አደረስናት። አዋላጇ ላሊሴ ቦርሳዋን አንግታ በወዲያኛው ዳር ትጠብቀን ነበር፤ በመካከላችን የነበረው የድልድዩ ሁለት ባዶ ብረትና ድፍርስ ውሃ ነው። የምናደርገውን በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮኸች ብትነግረንም፣ ወንዙ ድምፅዋን ዋጠው። የተስፋነሽ ደም አልቆም ብሎ ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች፤ ልጃችንም አልተረፈም። ክቡርነትዎ፣ እጠላዎታለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው በፍጹም አክብሮት ነው።

፬. ለሳጥን የሚሆን ጣውላ ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አምቡላንስ አያልፍም በተባለው መንገድ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ያለ ችግር አልፎ መጣ። ጣውላው በአንድ ፊቱ የድልድያችን ሰማያዊ ቀለም፣ በሌላው የመድረክዎ ምንጣፍ የተመታበት ሚስማር ነበረበት። ሚስማሩን አንድ በአንድ የነቀልኩት እኔ ነኝ።

እርስዎና ቤተሰብዎ ዘወትር በደረቅ መሬት እንድትኖሩ እየተመኘሁ፣ ከወንዙ ማዶ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ይገዙ፣ የተስፋነሽ ባል የነበርኩ

ማስታወሻ፦ ለሳጥኑ ሰባት ጣውላ ሄዷል፤ መድረክዎ ላይ ሠላሳ አንድ ቀርቷል። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ በእኛ ማዶም ሦስት ነፍሰ ጡሮች አሉ። በየቀብሩ ከሚልኩልን ይልቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቢልኩት፣ የመኪናዎን ነዳጅ ይቆጥባሉ።