እማዬ በድብድብ ፊልም ውስጥ

ለውድ ወንድሜ ለጌታሁን፣ ካለህበት ደርባን

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባዬም ጉልበቱ ተሽሎት ያለ ከዘራ እስከ ተበላ ከተማ ገበያ ደርሶ መጥቷል። የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ። ስልኩ እየተቆራረጠ ወሬዬን ስለሚቀማኝ ዛሬ በወረቀት ላጫውትህ ነው።

እዚህ ሶዶ ያሉ ልጆች ለስልክ የሠሩትን የድብድብ ጌም አኒሜሽን ፊልም አደረጉት፤ እኔም የድምፅ ሠራተኛ ሆኜ ገባሁበት። ስታየው ቡጢው ሁሉ እውነት ይመስልሃል፤ እኔ ግን እርጥብ የእንሰት ግንድ በዱላ ስደበድብ ነው የከረምኩት። አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ደረቅ የበቆሎ አገዳ ነው። ግዙፉ ተፋላሚ ሲወድቅ ደግሞ አንድ ጆንያ ስኳር ድንች ከጠረጴዛ ላይ ለቀቅን፤ ድንቹን በኋላ ቀቅለን በላነው።

እማዬን መቼም ታውቃታለህ፤ "የጸሎት ቤት ልጅ ድብድብ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት?" እያለች ፊቷን አጥቁራብኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ምሳዬን ረስቼ ስወጣ ቆጮና ዳጣ ይዛልኝ ድምፅ ወደምንቀዳበት ክፍል መጣች። ስትገባ በስክሪኑ ላይ ዋናዋ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ባላጋራዋ ከኋላ እየመጣችባት ነው። እማዬ ሳህኑን እንደያዘች በወላይትኛ "አንቺ ልጅ፣ ከኋላሽ መጣችብሽ!" ብላ ጮኸች። ማይኩ ለካ ክፍት ነበር!

ዳይሬክተራችን ሀብታሙ ለልጅቷ አሠልጣኝ የሚሆን ድምፅ አጥቶ ተቸግሮ ስለነበር፣ "እማማ፣ ይህን ድምፅ ይስጡን" ብሎ ለመናት። እሷም "በመጀመሪያ የፊልሙን መጨረሻ አሳዩኝ" አለች። መጨረሻው ላይ አሸናፊዋ እጇን ሰቅላ ስትጨፍር ተሸናፊዋ እንደተዘረረች ትቀራለች። እማዬ "የወደቀችውን ካላነሳችኋት አልሰጥም" አለች። ሀብታሙ፣ ጌሙ ላይ የወደቀ አይነሳም፣ ሥዕሉም አልቋል ቢላት፣ "እንግዲያው ቆጮዬን ይዤ ልሂድ" ብላ ብድግ አለች። ምን ያድርግ፣ ተሸነፈላት። ሠዓሊዎቹም እያጉረመረሙ መጨረሻውን እንደ አዲስ ሳሉት።

ባለፈው ቅዳሜ ፊልሙ በአዳራሽ ታየ። የእማዬ ጩኸት ሲሰማ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ እሷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አሸናፊዋ ጎንበስ ብላ ባላጋራዋን ስታነሳት ግን ለዚያ ሁሉ ቡጢዬ ያልተጨበጨበ ጭብጨባ አዳራሹን ሞላው።

በባጃጅ ስንመለስ ለምን እንዲያ ድርቅ እንዳለች ጠየቅኳት። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ "ጌታሁንም ሰው አገር ነው። ቢወድቅ የሚያነሳው ይስጠው ብዬ ነው እንጂ ፊልማችሁ እኔን ምን ቸገረኝ?" አለችኝ።

አባዬ "ጉልበቴ ድኗል፣ ና እንሩጥ" ይልሃል። ትንሿ እህታችን ሶፊ አገላብጣ ትስምሃለች። አክስታችን እትዬ ትዕዛዝም ከሻንቶ ከተማ ሰላም ብላሃለች። አብሮህ ለሚኖረው ለአቤም ልዩ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በታመምክ ጊዜ ሾርባ እንደሠራልህ ከነገርከን ወዲህ እማዬ በጸሎቷ ከኛ ከልጆቿ ጋር ስሙን ትጠራለች።

እህትህ ሰገነት
ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.