ኡርሚ ምንሽም አይደለችም

ውድ እትዬ ኮኪላ፣

በስልክ የሚነገር ቢሆን ኖሮ እደውልልሽ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንቺ ትቆጫለሽ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ወንድምሽ ናትዋር ደግሞ ቀፎውን ይቀማኛል። ስለዚህ ጻፍሁልሽ። እባክሽ እስከ መጨረሻው ታግሰሽ አንብቢልኝ።

ሕፃኗ ኡርሚ ደህና ናት፤ ጉንጯ ሞልቷል። አገር ግን የላትም። ሊዝቤትና ሄንሪክ ቪዛቸው አልቆ ልጃቸውን እኔ ጋ ትተው ወደ አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ ጠበቃቸው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይውላል። የኛ መንግሥት ወላጆቿ ፈረንጆች ስለሆኑ ዜጋዬ አይደለችም ይላል። የነሱ መንግሥት ደግሞ እናት የወለደችው ናት፣ አባትም የእሷ ባል፣ ማለት ናትዋር ነው ይላል። ዘሩ የነሱ ነው፣ እኔ በማህፀኔ ተሸክሜ ወለድሁላቸው እንጂ ብል ማን ይስማኝ? ባለፈው የመውጫ ፈቃድ ልንጠይቅ ሄደን ጸሐፊው ወደ አገሪቱ መቼ እንደገባች ጠየቀን። ናትዋር ኮስተር ብሎ "ጌታዬ፣ ስትገባ በሩ ላይ አዋላጅ እንጂ ማኅተም የሚመታ አልነበረም" አለው። በባጃጁ እስክንመለስ ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አሁን የባሰ መጣ። በተወለደች በስድስተኛው ቀን የሆነውን ታስታውሻለሽ። ልጅቷ ቀድማ ተወልዳ ወላጆቿ ገና አልደረሱም፤ በኛ ልማድ ስም የምታወጣው የአባት እህት ናት፣ ሄንሪክ ደግሞ እህት የለውም። አንቺ ልጅቷ ስም ሳይወጣላት አትውልም ብለሽ ከሱራት በባቡር መጣሽ። ዕድል ጸሐፊዋ አምላክ ሌሊት መጥታ እንድትጽፍበት ባዶውን ወረቀትና ብዕሩን ከራስጌዋ አኖርሽ፤ አቀፍሻትና ስሟን በጆሮዋ ነገርሻት። ናትዋር አጠገብሽ ቆሞ ጥርሱን ሲያሳይ ፎቶ አነሳኋችሁ። ደስ ይበላት ብዬ ለሊዝቤት ላክሁላት። እሷም ደስ ብሏት ከሌሎቹ ማስረጃዎች ጋር ለኤምባሲያቸው ሰጠችው። እዚያ የሚሠራ የኛው አገር ሰው ፎቶውን አየና፣ ስም ያወጣችው የናትዋር እህት ከሆነች አባቷ ናትዋር ነው ማለት ነው አለ። ደግነትሽ መዘዝ ሆነብን።

ጠበቃው ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርበሽ አክስቷ እንዳልሆንሽ፣ ምንሽም እንዳልሆነች ምለሽ እንድትፈርሚ ይፈልጋል። ያ ካልሆነ ባለቤት የሌላት ተብላ ወደ ማሳደጊያ ትሄዳለች። እኔም እንዳስቀራት አይፈቀድልኝም። ፈራሁ፣ እትዬ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዷት የመጡ ይመስለኛል።

የምትዪውን አውቃለሁ፦ "አፌ ያወጣውን ስም አፌ አይክድም!" እኔም ልቤ እንዳንቺው ነበር። ረቡዕ ዕለት ግን ቀርቤ ፈረምሁ። ጸሐፊው "በዚህች ልጅ ላይ ምንም ዓይነት የእናትነት መብት የለኝም" የሚለውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ኡርሚ ደንግጣ ነቃችና አለቀሰች። ወተቴ ፈሶ ልብሴን አራሰው። ዳኛው እንዳያዩብኝ የሳሪዬን ጫፍ ደረቴ ላይ ጨብጬ፣ በሌላው እጄ ፈረምሁ።

አንቺ ወተት የለሽም። ላንቺ ይቀላል። ነይልኝ።

የወንድምሽ ሚስት ጃሹ
ከአናንድ